ብርሌ ከነቃ ዕቃ አይሆንምን?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። አበው ይህን ሲናገሩ ስለ ወዳጅነት፥ ስለ ትዳርና አንድ ጊዜ ስለ ጐደለ እምነት ማስተማራቸው እንጂ ስለ ብርሌው መጨነቃቸው አልነበረም። እኛ ግን ለዛሬ ምሥጢሩን ለባለምሥጢሮቹ ትተን ነገሩን እንደ ቃሉ እንያዘው። በእርግጥ ብርሌ ከነቃ ዕቃ አይሆንምን? ጠጅ እንደማይያዝበት የታወቀ ነው። ነገር ግን ከሺህ ዓመት በፊት ስለ ተሠሩት የብርጭቆ ዕቃዎች ሊቃውንት ዛሬ ከሚያውቁት ብዙው የተገኘው ከነቃና ከተሰበረ ብርጭቆ ስለሆነ፥ ተረቱ ጥቂት እርማት ሳያስፈልገው አይቀርም።

ከስሙ እንጀምር። ቢረሌ በግእዝ የከበረ ድንጋይ ስም ነው። በኦሪት ዘጸአት በሊቀ ካህናቱ ደረት ላይ ከሚደረደሩት ዕንቁዎች አንዱ ሆኖ ተጽፎ እናገኘዋለን። በአማርኛው የዮሐንስ ራእይ ደግሞ እንደ ውሃ ጠርቶ የሚያንጸባርቀው ድንጋይ ራሱ ብርሌ ተብሎ ተጠርቷል። የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ሥር ቤሪሎስ ከተባለው የግሪክ ቃል ያደርሱታል። ዐረቦች ይህንኑ የጠራ ድንጋይ ቢለውር የሚሉት፥ ጀርመኖችም መነጽርን ብሪለ ብለው መጥራታቸው ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። እንግዲህ በጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ «አንድ ብርሌ ቅጂልኝ» የሚል ሰው ሳያውቀው የዕንቁ ስም ጠራ ማለት ነው።

ይህ የስም ዝምድና እንዲያው የቃል ጨዋታ አይደለም። ብርጭቆ ድንጋዩን ለመምሰል ብዙ የደከመበት ዘመን ነበረና። በ9ኛው፥ በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታችም ሌላ ካላልን አቆጣጠሩ ይኸው ነው) በፋርስ፥ በኢራቅና በግብፅ የነበሩ የሙስሊሙ ዓለም ጠቢባን ብርጭቆን እየቀረጹ ያንን የጠራ ድንጋይ እንዲመስል ያደርጉት ነበር። ድንጋዩ ራሱ የነገሥታት ዕቃ ነበር። ከ975 እስከ 996 ግብፅን የገዛው የኸሊፋ አል ዐዚዝ ስም የተቀረጸበት የድንጋይ ማንቆርቆሪያ ዛሬም በቬኒስ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት ይገኛል። በ1047 ወደ ካይሮ የገባው ፋርሳዊው መንገደኛ ናስር ኹስራው ድንጋይ ቀራጮቹን በገበያ ሲሠሩ አይቶ፥ ጥሬው ድንጋይ ከቀይ ባሕር ወገን ጭምር እንደሚመጣ ጽፏል። ታዲያ የንጉሥ ዕቃ ለማይደረስበት ባለጸጋ ቢያንስ የተቀረጸው ብርጭቆ ነበረለት።

አቀራረጹ እንዲህ ነው። ብርጭቆው አስቀድሞ በእሳት ቀልጦ፥ በብረት ቧንቧ ተነፍቶ፥ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ሲቀዘቅዝ ወደ ቀራጩ ይሄዳል። ቀራጩ መሮና መዶሻ አያነሣም፤ ቢያነሣማ ተረቱ ወዲያው ይፈጸምበታል። በየሰፈሩ እየዞረ ቢላዋ የሚስለውን ሰው ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። የሚሽከረከር መንኰራኵር አለ፤ ከብርጭቆ የጠነከረ ድንጋይ ደቅቆ በውሃ ወይም በዘይት ተለውሶ በጠርዙ ላይ ይደረጋል፤ ዕቃው ወደ መንኰራኵሩ እየተጠጋ ጥቂት በጥቂት ይፋቃል። ቀላሉ ሥራ እንደ ማር እንጀራ ዐይን ጎን ለጎን የተደረደሩ ጎድጓዳ ክቦችን ማውጣት ነው። ከባዱ ግን የብርጭቆውን ገጽ በሙሉ ፍቆ ዝቅ በማድረግ የአውሬውን፥ የወፉን ወይም የሐረጉን ሥዕል ብቻ ከፍ ብሎ እንዲቀር ማድረግ ነው። በዚህ ሥራ አንዲት የእጅ መሳት የብዙ ቀን ድካም ታጠፋለች። በ1000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተሠራውና በአሜሪካ በኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም የሚገኘው ማንቆርቆሪያ ከዚህም ያለፈ ነው። ነጩ ብርጭቆ በአረንጓዴ ብርጭቆ ከተሸፈነ በኋላ አረንጓዴው ተፍቆ ሥዕሉ ብቻ በነጩ ላይ ቀርቷል። ከትልልቆቹ ይልቅ እኛን የማረኩን ግን ጣት የሚያህሉት የሽቶ ብልቃጦች ናቸው። ከታች አራት ሹል እግር ስላላቸው ቁርጥ የመንጋጋ ጥርስ ይመስላሉ፤ ሊቃውንቱም በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል።

አንባቢ በቤቱ ያለውን ጌጠኛ ብርሌ ወይም ብርጭቆ ከሳጥን አውጥቶ በዚህ ዕውቀት ሊፈትነው ይችላል። ጌጡን በጣቱ ጫፍ ይዳስስ። በመንኰራኵር የተቀረጸ ከሆነ ጠርዙ ስል ነው፥ አጥብቆ ላየውም ጭረቱ ይታያል። በብረት ቅርጽ ተጨምቆ የወጣው የፋብሪካ ዕቃ ግን ጠርዙ ዶልዷማ ነው፤ በጎኑም ሁለቱ የቅርጹ ክፍሎች የገጠሙበት ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከሥሩ ሻካራ ጠባሳ ካለ ደግሞ ነፊው ከብረቱ ቆርጦ የለየበት እትብት ነው።

እኛም ይህን ፈተና ይዘን በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ወጣን። በመሐል ከተማ አሮጌ ዕቃ ገዢው ከእኛ አስቀድሞ በየቤቱ ደርሷል። በነዚህ ከተሞች ግን የትናንቱ እርሻ ዛሬ የቤት ረድፍ እየሆነ፥ ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው፥ ብዙ ቤተ ሰብ ከአሮጌ ቤት ወደ አዲስ ቤት የሚዛወርበት ጊዜ ነው። ሰው ሲዛወር ደግሞ የአያት ሣጥን ይከፈታል። ከሣጥኑ የሚወጣው ብርሌ የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው እያልን አይደለም፤ የአያት፥ ቢበዛ የቅድመ አያት ዘመን ዕቃ ነው። ሆኖም የድሮው ብርሌ እንደዚያኛው ብርጭቆ ከባሕር ማዶ የመጣ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሳይሰበር ደጋ የወጣ ነው። ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ በቀንድ ዋንጫ ሲጠጡ፥ ቤቱ ብርሌ ያለው ሰው እንግዳ መቀበል ኩራት ይሆንለት ነበር።

በሰበታ ብዙ አልቆየንም። ከተማዋን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሜታ ቢራ ስለሆነ ጠርሙስ ሞልቶ ተርፏል፤ ብርሌው ግን ከገበያ የተገዛ አዲስ ነው። አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት «የድሮው ከባድ ነበር፤ የሰከረ ሰው ሲጥለው እንኳ አንዳንዴ ይተርፍ ነበር» ብለው አሳቁን። ያሁኑ ምን ያህል እንደሚቆይ ብንጠይቃቸው ወደ ጓሮው በእጃቸው አመለከቱን። ጥግ ላይ የስባሪ ክምር ነበር።

ያ ክምር የት እንደሚሄድ የተረዳነው በማግስቱ ቡራዩ ላይ ነው። ከገፈርሳ ውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ጎረምሳ ቆራሌ ጆንያውን አውርዶ ዕቃ ሲለይ አገኘነው። ሙሉ ጠርሙስ በቁጥር፥ ስባሪው በኪሎ እንደሚሸጥና ስባሪው ተመልሶ ቀልጦ ሌላ ጠርሙስ እንደሚሆን አስረዳን። «ጋሼ፥ ብርጭቆ አይሞትም እኮ» አለን። በዕድሜ የምንበልጠው በጥቂት ዓመት ቢሆንም ጋሼነቱን በደስታ ተቀበልን።

የቡራዩው ጎረምሳ ሥራ የድሮ ባልደረባ አለው። በ1025 አካባቢ ከሶርያ የባሕር ዳርቻ ወገን የተነሣች አንዲት መርከብ በዛሬዋ ቱርክ ሰርቼ ሊማኒ በተባለ ወሽመጥ ሰጠመች። ጆርጅ ባስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ ከ1977 እስከ 1979 ባሕሩን አስፈትሸው ሲያወጧት ሦስት ቶን ያህል ብርጭቆ ተገኘባት፤ ከዚህም አንድ ቶን ያህሉ የዕቃ ስባሪ ነበር። ስባሪው በመስጠሟ የደረሰ አይደለም፤ አስቀድሞ ተሰብሮ፥ ተጠራቅሞ፥ ወደ ብርጭቆ ማቅለጫ ለመሄድ የተጫነ ነበር። መርከቢቱ የባሕር ቆራሌ ነበረች ብንል አናጋንንም። ሠራተኞቹ ግማሽ ሚሊዮን የሚያልፈውን ስባሪ በቀለም፥ በቅርጽና በጌጥ እየለዩ ዓመታት ሙሉ ገጣጠሙት፤ የስንት ዕቃ ስባሪ እንደሆነ ሲገመትም ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ደረሰ። ዛሬ በቦድሩም ሙዚየም ተሰካክተው የቆሙት ብርጭቆዎች ጠጅ አይዙም። ነገር ግን መርከቢቱ የሰጠመችበት ጊዜ በገንዘቦቿና በሚዛን ድንጋዮቿ ስለ ታወቀ፥ እንዲህ ያለ ጌጥ በ1025 ይሠራ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው በነርሱ ነው።

ከዚህ ጋር የአውሮፓ የሄድቪግ ብርጭቆዎች የሚባሉትን እናስተያይ። እነዚህ ወፍራምና ባለ አንበሳ፥ ባለ ንስር ቅርጽ ጽዋዎች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በ1243 ካረፈችው ከሲሌሲያዋ ቅድስት ሄድቪግ ነው፤ ውሃው በጽዋዋ ወይን ሆነላት ይባላል። ሙሉ ሆነው የቀሩት ከዐሥራ አምስት አይበልጡም፤ አንዱ የማርቲን ሉተር ነበረ እየተባለ ይነገራል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግምጃ ቤት በወርቅና በብር ታስረው ተከብረው ኖረዋል። እንከን የለባቸውም። ግን የት ተሠሩ? አንዱ ሊቅ ግብፅ ይላል፥ ሌላው ሶርያ፥ ሦስተኛው ሲሲሊያ፤ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የተሰበረው የባሕር ጭነት የሚናገረውን ያህል ሙሉው ጽዋ መናገር ያቃተው፥ ከየት እንደ መጣ በጊዜው የጻፈለት ሰው ስላልነበረ ነው።

መጻፍ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ቻይና መሻገር ነው። በ1987 በፋመን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሥር በ874 ተዘግቶ የቀረ የምድር ቤት ተከፈተ። በውስጡ ወደ ሃያ የሚጠጋ የብርጭቆ ዕቃ ተገኘ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከሙስሊሙ ዓለም ተጉዘው የደረሱ፥ በሹል ነገር ቅጠልና ሐረግ የተጫረባቸው ሰማያዊ ሳሕኖች ጭምር ነበሩ። ከዕቃው ጋር የንብረት ዝርዝር የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሞ ነበር፤ ዝርዝሩ ዐሥራ አንድ የብርጭቆ ሳሕን ሳይቀር ይቆጥራል። ከዚያ አስቀድሞ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰዎች በ1930ዎቹ በፋርስ ኒሻፑር ሲቆፍሩ ተመሳሳይ ጌጥ ያለው ብርጭቆ አግኝተው ነበር፤ የዘመኑን ወሰን ግን የፋመን ግምጃ ቤት ጸሐፊ ቁርጥ አድርጎ ሰጣቸው። የግምጃ ቤት ጸሐፊነት ደረቅ ሥራ ነው የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ልብ ይበሉልን።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ፤ ኢትዮጵያ ከብርጭቆ ንግድ ውጭ የነበረችበት ዘመን ጥቂት ነውና። በ1ኛው መቶ ዘመን የኤርትራ ባሕርን ንግድ የዘረዘረው የግሪክ መንገደኛ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ዕቃን ይቆጥራል። ኔቪል ቺቲክ የተባሉት እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ በአክሱም መቃብሮች ባደረጉት ቁፋሮም የብርጭቆ ስባሪ ወጥቷል። በደብረ ዳሞ ገዳም ደግሞ የኡመያና የዐባስ ኸሊፋዎች ገንዘብ መገኘቱ የታወቀ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚቀርበው ግን በድሬዳዋ አጠገብ ያለው ሐርላ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች በሚያርሱበት ቦታ ለብዙ ዘመን ገንዘብና የሸክላ ገል ያገኙ ነበር፤ የሕንጻዎቹ ድንጋይ ትልቅ ስለሆነም ግዙፋን ሰዎች ይኖሩበት ነበር ሲባል ኖሯል። ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ቆፍረው የ12ኛውን መቶ ዘመን መስጊድ፥ የጌጥ ሠሪዎችን መሥሪያና የንግድ ከተማን ፍርስራሽ አገኙ። ከዚያው አፈር የብርጭቆ ዕቃ ስባሪ፥ የብርጭቆ ዶቃ፥ ከሩቅ ባሕር የመጣ ዛጎል፥ እንዲሁም ያ ቀደም ብለን የጠቀስነው የጠራ ድንጋይ፥ ብርሌ የተባለው ራሱ ወጣ።

የሐርላ ስባሪ በአንድ የሩቅ አገር ሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከአንድ ሳንቲም የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ከአፈሩ፥ ከመስጊዱና ከዛጎሉ ጋር ስለ ተገኘ ግን የሐርላ ነጋዴ እስከ የት ድረስ ይነግድ እንደ ነበር ይመሰክራል። በዓለም ገበያ ላይ ግን የሚዘወተረው ተቃራኒው ነው። አብዛኛው የጥንት እስላማዊ ብርጭቆ በየሙዚየሙና በየሰብሳቢው ቤት የሚገኘው «ከፋርስ ይመስላል» ከሚል ቃል በስተቀር ምንም ሳይኖረው ነው። ከመሬት የወጣበት ቀን፥ ጕድጓዱና ጎረቤቱ ጠፍቷል። አስመሳዩም የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ የትውልድ ቦታ የማይጠየቅበት ገበያ ለአስመሳይ ሠርግና ምላሽ ነውና።

ዕቃ መሰብሰብን ሁሉ የምንነቅፍ እንዳይመስል አንድ ሰው እንጥቀስ። የሐረሩ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸውን የብራና መጻሕፍት፥ ገንዘብና ጌጣጌጥ ከየቤተ ሰቡ እየሰበሰቡ በ1998 በገዛ ቤታቸው የግል ሙዚየም ከፈቱ። በ2007 ስብስቡ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት ወደ ነበረው ቤት ተዛውሮ ሕዝብ ያየዋል። ዕቃው ከሐረር ተወስዶ ሐረር ውስጥ መቀመጡ፥ የባለቤቶቹም ልጆች መጥተው ሊያዩት መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው። ሕጉም ቢሆን ሰብሳቢውን አይከለክልም። በ1992 ዓ.ም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ፈቅዶ፥ ባለይዞታው እንዲያስመዘግበውና እንዲጠብቀው ያዛል፤ ቤት ሲሠራ ወይም መንገድ ሲቆፈር ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይውል ሳያድር ማስታወቅ አለበት። ያለ ፋታ መሠረት በሚቆፈርባቸው በነዚህ ሦስት ከተሞች ይህን አንቀጽ ግንበኞች ሁሉ ቢያውቁት እንወዳለን።

ሱሉልታን ወደ ኋላ ያስቀረናት ብዙ ጊዜ የፈጀንባት እርሷ ስለሆነች ነው። እንጦጦን ተሻግሮ የጎጃም መንገድ የሚያልፍባት፥ የጎጃም ማርም ወደ አዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች ሲወርድ የሚያቋርጣት ብርዳም ከተማ ናት። እዚያ አንዲት እናት ዘንድ ሦስት የድሮ ብርሌ አገኘን። ፈተናችንን አደረግን፤ ጠርዙ ስል፥ ጭረቱ የሚታይ፥ ከሥሩም እትብት ያለው ነው። በሆዱ ዙሪያ የማር እንጀራ ዐይን የሚመስል ክብ ተደርድሯል።

«እማማ፥ ይህ ከየት መጣ?» አልናቸው።

«እናቴ ስታገባ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው፥ ልጆቼ። ዐሥራ ሁለት ነበር። ስድስቱን እኛው ልጆቿ ሰበርነው፥ ሦስቱን ሠርግ በላው፤ ይኸው ሦስት ቀረ። አባቷ ከአዲስ አበባ ገበያ በቅሎ ሸጦ ነው የገዛው ይባላል።»

አንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱን ሊገዛቸው ጠይቋቸዋል። ሦስተኛው አንገቱ ላይ ስለነቃ አልፈለገውም። ዋጋው ደህና እንደሆነ፥ የልጅ ልጃቸውም የኮሌጅ ክፍያ እንዳለባት ነገሩን። «የእናቴን ስም እንኳ አልጠየቀኝም» ሲሉ ግን ድምፃቸው ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። እኛ ምን እንበላቸው? የልጅቱን ትምህርት የሚከፍለው እኛ አይደለንም። አይሽጡ ለማለት አፋችን አልደፈረም፤ ሽጡ ለማለትም እንደዚያው።

ያደረግነው ነገር ቢኖር ወረቀት አውጥተን እርሳቸው የሚሉትን መጻፍ ነው። የእናታቸውን ስም፥ የመጡበትን ቀዬ፥ ያገቡበትን ዘመን በጦርነቱና በአዝመራው እየቆጠሩ፥ የበቅሎዋን መልክ ሳይቀር ነገሩን። በሁለት ቅጂ ጻፍነው። አንዱን ቅጂ ነጋዴው ከመጣ ከሁለቱ ብርሌዎች ጋር እንዲወስደው፥ ካልወሰደው ብርሌውንም እንዳይሰጡት ተስማማን። ሁለተኛውን እማማ አንድ ጊዜ አስነበቡን፥ ስሙ በትክክል መጻፉን አረጋገጡ፤ ከዚያም እንደ ጧፍ አጥብቀው ጠቀለሉና በነቃው ብርሌ አንገት አስገብተው ወደ ሣጥኑ መለሱት።